የእናት ወገን ወንበር

ሮማ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺወርቅ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደጃፍዎ ላይ ጫማውን አውልቆ ይግባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? የስፌት መኪናዎስ እንደ ድሮው ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን፤ የጎደለን እርስዎን ማየት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤና ትንሿን ቦርሳ የያዘችልዎ ትሕትና ትባላለች። እንደኔው እዚህ አሮጊት የምትጠብቅ ልጅ ናት፤ ጣልያኖቹ ሥራችንን ባዳንቴ ይሉታል። ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ ሰው በተገኘ ቁጥር እጽፋለሁ። ቦርሳው ውስጥ ያዘዙኝ የመኪና መርፌና ጥቁር ክር አለ። መቀሱን ግን ትሕትና አውሮፕላን ላይ ይቀሙኛል ብላ ፈርታ ትታዋለች፤ በሌላ ሰው እልካለሁ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ትልቁ ወሬ የቤዛ ነው። ልጄ በመጪው ግንቦት አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል። የባለቤቴ የአርቱሮ ወገኖች እንደሚያውቁት ሜክሲኮዎች ናቸው፤ ይህን ቀን እንዲሁ በቀላሉ አያልፉትም። ድግሱ ኦስቲያ፣ ባሕሩ ዳር፣ አርቱሮ በበጋ ምግብ በሚሠራበት ቤት ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አለ፤ ከዚያ ዘውድ አለ፣ አጃቢ ወንዶችና ሴቶች አሉ፣ ጭፈራ አለ። ቤዛ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥታለች። ባለፈው እሑድ ሱቅ ገብታ ቀሚስ ስትሞክር ያነሣኋትን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። አጠገቧ ክንዷን ይዞ የቆመው ረጅሙ ልጅ ዲዬጎ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አርቱሮም በጣም ይወደዋል።

አሁን ጥያቄዬ። በአርቱሮ ወገን ዘውዱን የሚገዛ፣ ኬኩን የሚያመጣ፣ ጫማውን የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። በኔ ወገን ግን አባትም እናትም የሉኝም። እርስዎ የእናቴ የአጎት ልጅ ቢሆኑም፣ ከዚያ ቤት የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ቀሚሱን እርስዎ እንዲሰፉላት፣ በዕለቱም መጥተው አጠገቧ እንዲቆሙላት የጠየቀችው ራሷ ቤዛ ናት። እሺ ካሉኝ የመጥሪያ ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ።

ምርቃትዎን አሰፍስፋ የምትጠብቅ፣
ልጅዎ ውባንቺ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውባንቺ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን ብዬ ልጀምር ስል ብዕሩ እምቢ አለኝ። ቢሆንም ሰላምታ የእግዚአብሔር ነውና ይድረስሽ። እኔ ደህና ነበርኩ፤ ትሕትና የምትባለው ልጅሽ በሬን እስክታንኳኳ ድረስ።

ፎቶውን አየሁት። አንዴ አይቼ መነጽሬን ጠረግሁ። እንደገና አይቼ መስኮት ዳር ወሰድኩት። ነጭ ቀሚስ እስከ መሬት፣ ጓንት እስከ ክርን፣ ራሷ ላይ ዘውድ፣ ከጎኗ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ። አንቺ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው ትይኛለሽ። ጨዋ ከሆነ ትምህርቱን ይማር።

ውባንቺ፣ ምን ነካሽ? ይህች ልጅ የወተት ጥርሷን ያወለቀች ትናንት ነው። አንቺው ነሽ እኮ፣ ጣሪያው ሩቅ ሆነብን፣ ጥርሷን ከሰገነት ላይ ወደ ሰማይ ወረወርን ብለሽ የጻፍሽልኝ። በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መዳር እኛም አገር ያስከስሳል። አንቺ ሮማ ተቀምጠሽ፣ ሥልጣኔ መሐል ቁጭ ብለሽ፣ ይህንን ታደርጊያለሽ? አልፈሽ ተርፈሽ ደግሞ ቀሚሱን ስፊልኝ ትያለሽ? እኔ ለስንቷ ሙሽራ የሰፋሁ ሴት ነኝ፤ ለሕፃን ግን የሙሽራ ልብስ አልሰፋም።

በጣም የቆጨኝ ባልሽ ነው። ሜክሲኮዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው እያልኩ ለሰው ሁሉ የምሟገት እኔ ነበርኩ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አርበኛ ነበር፤ ጣልያን አገራችንን የያዘ ጊዜ ብዙው ዓለም እሺ ብሎ ሲቀበል፣ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት ብሎ ነው ያሳደገኝ። አደባባያችን በስሟ የተጠራው ለዚያ ውለታ ነው እያለ ሱቄን ሊጎበኝ በመጣ ቁጥር ይነግረኝ ነበር። ይኸው በሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ ስሰፋ አረጀሁ። እነዚያ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላሰብኩም።

ነገሩን ብቻዬን መቻል ስላቃተኝ ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ጌጡ ነገርኩት። እሱም በእሑዱ ስብሰባ ተነሥቶ ለአባላቱ ተናገረ። ሴቶቹ ቤቴ መጥተው እንደ ለቅሶ ተቀምጠው፣ አጽናንተውኝ ሄዱ። መርፌውንም ክሩንም በትሕትና መልሼልሻለሁ፤ መቀስም አልፈልግም።

ይህን ሰርግ ካልሰረዝሽ ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ። ከጻፍሽ ግን ቶሎ ጻፊ።

አንገቷን ያስደፋሻት፣
የሺወርቅ


ሮማ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተቆጡም እትዬ የሺወርቅ፣

እግዚአብሔር ልብዎን አረጋግቶ፣ መነጽርዎን አጥርቶ ይህን ያስነብብዎ። ደብዳቤዎን ትሕትና የሰጠችኝ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ወደ ፖንቴ ማሞሎ ወደ ቤቴ ስመለስ ሜትሮ ውስጥ ከፈትኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ እንባዬ መጣ፤ «ጨዋ ከሆነ ትምህርቱን ይማር» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ።

እትዬ፣ በሞትኩት፣ ሰርግ አይደለም። ማንም ማንንም አያገባም። እዚህ ኖሬ ኖሬ ነገሩ ስለተዋሐደኝ ሳላብራራ ጻፍኩልዎት። በሜክሲኮ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላት ኪንሴኣኜራ የሚባል በዓል ይደረግላታል። ሕፃንነቷን ጨርሳ ወጣት ሆነች ተብሎ ፈጣሪ የሚመሰገንበት ቀን ነው። ቀሚሱም ዘውዱም ለዚያ ነው። ኬክ፣ ጫማ፣ ቀሚስ እያለ እያንዳንዱን ነገር አንድ የምትወዳት ሴት ትይዝላታለች፤ ማድሪና ይሏታል፤ እንደ ክርስትና እናት ያለች ናት። አባትየው ዝርግ ጫማዋን በሰው ፊት አውልቆ ተረከዛሙን ያጠልቅላታል። ከዚያ የመጨረሻዋ አሻንጉሊት ትሰጣታለች። ያቺ አሻንጉሊት እንደ ልጅቷ ትለብሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አሻንጉሊት የለም፤ እሷን ዕድሜ ልኳን ታስቀምጣታለች።

ዲዬጎ ደግሞ፣ ምስኪን፣ የክፍሏ ልጅ ነው። ከአጃቢዎቹ አንዱ ነው፤ ዳንሱን አብሯት ይለማመዳል። ቤዛን እንደ ፖሊስ ነው የሚፈራት። እግሯን በረገጠ ቁጥር ይቅርታ እያለ እኔን ይለምነኛል። ደብዳቤዎን ተርጉሜ ለሱና ለቤዛ ሳነብላቸው ቀልቶ ከቤት ወጣ፤ ሁለት ልምምድ ቀርቶ በስንት ልመና መለስነው።

ቤዛ ግን ስቃ ስቃ ስታበቃ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ምነው ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«ማማ፣ በዚያ ቀን የባቦ ሰዎች ሦስት ጠረጴዛ ይሞላሉ። በአንቺ በኩል ግን ማንም የለም። ሰው ሁሉ ግማሼን ብቻ ሊያይ ነው።»

አባቷን እንደ ጣልያኖቹ ባቦ ነው የምትለው። ትምህርት ቤት አንዱ ጣልያን ነሽ፣ አንዱ ሜክሲኮ ነሽ፣ አንዱ አበሻ ነሽ ሲላት ትስቅና ታልፈው ነበር፤ አንጀቷ ውስጥ እንዲህ መቀመጡን አላወቅሁም ነበር። አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ላይ የእንግዳው ስም ይጻፋል። በእናት ወገን ጠረጴዛ፣ ከኔ ቀጥሎ ያለውን ወንበር ለእርስዎ ይዛዋለች። ይምጡልን እትዬ። ቁጣዎም ቢሆን አብሮ ይምጣ፤ ቦታ አለን።

እጅዎን የምትስም፣
ውባንቺ


አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንቺ፣

እንኳን ከጥምቀቱ በሰላም አደረሰሽ። ቤትሽ ይባረክ፣ ልጅሽ ትባረክ፣ ባልሽም ይባረክ፤ ስሙን አላግባብ ስላነሣሁት ለሱ ትንሽ ጨምሪለት። ዲዬጎ የሚባለውንም ልጅ አይዞህ በይልኝ።

እኔን ያየ ይቀጣ። ደብዳቤሽን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ የመጣብኝ ጭንቀት ለእድሩ ምን እላለሁ የሚለው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀስኩት በልደት በዓል ነው ልበል? እሑድ ሲደርስ አቶ ጌጡ በሰው መሐል ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች አለኝ። እኔም አፌ ቀደመኝና፣ ሰርጉን አስቆምኩት አልኩ። ውባንቺ፣ አጨበጨቡልኝ። ሴቶቹ ተነሥተው ሳሙኝ፤ ጌጡማ ለእድሩ ምሳሌ ናት ብሎ ንግግር አደረገልኝ። አሁን በመንገድ ባለፍኩ ቁጥር እናቶች ሴት ልጆቻቸውን እያመጡ ምከሪልን ይሉኛል። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ብቻ ትንሽ ይቆይ፤ ሰው ሲያከብርሽ ደስ ይላል።

ወደ ቁም ነገሩ። ቀሚሱን እሰፋለሁ። የመለስኩልሽን መርፌ መልሰሽ ላኪ፤ ክሩንም። መቀሱንም አትርሺ። ልኳን በሜትር አትውሰጂ፤ የዛሬ ሜትር እየተለጠጠ ያታልላል። ነጭ ክር ቆርጠሽ ለትከሻዋ፣ ለወገቧ፣ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በየአንዳንዱ ላይ ቋጥሪና ላኪልኝ። ስትለኪያት ቀጥ ብላ ትቁም፤ ሆዷንም አትሳብ።

አንድ ነገር ከንክኖኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ያልሽው የማን ነው? ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ በኛ የተጠመቀች ናት። ይህን አጣርተሽ ጻፊልኝ።

መምጣቱን ግን ተዪው። ቤዛ እንዳታዝንብኝ አድርገሽ ንገሪያት። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሮማ የሚለው ስም እቤቱ አይነሣም ነበር፤ እኔም መቃብሩ ላይ ቆሜ ያቺን ከተማ አልረግጥም ብያለሁ። አንቺ ስትሄጂም ነግሬሻለሁ፤ ሂጂ፣ እኔን ግን አትጥሪኝ አልኩሽ። ከሮማ ሌላ የትም ይሁን፤ እመጣ ነበር። ቀሚሱ በኔ ፋንታ ይቁም።

የምታስብላችሁ፣
የሺወርቅ


ሮማ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺወርቅ፣

የሁዳዴን ጾም በብርታት ያስፈጽምዎ፤ ጉልበትዎን ለስግደቱ፣ ዓይንዎን ለመርፌው ይጠብቅልዎ። ክሮቹን በየቋጠሮው ልኬያለሁ። ስለካት ሆዷን ስባ ነበር፤ ስለነገሩኝ ቆንጥጬ አስለቀቅኋት። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ አይስጉ። ጠዋት እኛ ጋ አስቀድሰን ቄሱ ይባርኳታል፤ ከሰዓት የሜክሲኮዎቹ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄደን የምስጋና ጸሎት ይደረጋል። ቤዛ ሁለት ጊዜ መባረክ ምን ክፋት አለው ትላለች።

አሁን ሳልጽፈው ብቀር ደስ የሚለኝ ነገር መጣ። የአርቱሮ እናት ዶኛ ኦፌሊያ ከሜክሲኮ ሲቲ መጡ፤ ድግሱ እስኪያልፍ ድረስ እዚሁ ናቸው። አጭር ናቸው፤ እጃቸው ካልተወዛወዘ አፋቸው አይናገርም። በመጡ ማግስት ወጥ ቤቱን ተረከቡኝ። በርበሬያችንን ቀምሰው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አመማቸው ብዬ ውኃ ይዤ ስሮጥ፣ ለካስ ከደስታ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሰሮው ከሳቸው እጅ አልወጣም። ጾም ላይ መሆኔን ሲሰሙ ደግሞ ባቄላ ቀቅለው፣ ደቁሰው፣ በበቆሎ ቂጣ ጠቅልለው ወደ ሥራ ስሄድ ያስይዙኛል። ቅቤ አልነካውም ብለው በመስቀላቸው ይምሉልኛል።

ችግሩ ይህ ነው፤ ቀሚስ ይዘው መጥተዋል። እርስዎ እንደሚሰፉ አርቱሮ ሳይነግራቸው ቀርቶ፣ እዚያ በሰፈራቸው አሰፍተው፣ አንድ ሙሉ ሻንጣ የያዘ ሐምራዊ ቀሚስ። ስፋቱ በመኝታ ቤቱ በር አያልፍም፤ ቤዛ የለበሰችው ሳሎን ውስጥ ነው። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እርስዎ ሊያዝኑ፣ እሳቸውም ሊያዝኑ፤ እኔ መሐል ገብቼ ምን ልበል? ይፍረዱኝ።

ዶኛ ኦፌሊያ ስለ እርስዎ ሲሰሙ እኔም ልጻፍላት አሉ። እሳቸው በስፓኒሽ ነገሩት፣ አርቱሮ ወደ ጣልያንኛ መለሰው፣ እኔ ወደ አማርኛ፤ የጎደለው የኛ ጥፋት ነው።

«ለወይዘሮ የሺወርቅ። እኔ የአርቱሮ እናት ነኝ። በከተማችን ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አለ። እዚያው በዚሁ ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እኔ በዚያ ጣቢያ በር ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ሊጥ እየሸጥኩ ነው አርቱሮን ያሳደግሁት። ሰው የት ነው የምትሠሪው ሲለኝ ዕድሜዬን ሙሉ ኢትዮጵያ እላለሁ። እርስዎ ደግሞ ሜክሲኮ እንደሚሰፉ ልጄ ነገረኝ። እንግዲህ እኔ በእርስዎ ስም ቆሜ፣ እርስዎ በእኔ ስም ተቀምጠው ነው ያረጀነው። ሳንተያይ ብንሞት ያሳፍረናል።»

ከታች ያለው ትልልቁ ጽሑፍ የቤዛ ነው፤ ፊደል ቆጥራ ማንም ሳይረዳት ጻፈችው። አንቺ ስላለችዎ ይቅር ይበሏት፤ እርስዎ ማለቱን ገና አልለመደችውም።

«እማማ የሺ፣ ወንበርሽ እዚህ ነው። ቤዛ።»

በሁለት ቀሚስ መካከል የቆመች፣
ውባንቺ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውባንቺ፣

ሰላም ሁኑ። ደብዳቤው ደርሶኛል፤ ክሩም፣ መርፌውም፣ መቀሱም። ልጅቷ የአያቷን ቀሚስ ትልበስ። የኔን አታስቢው።

ግንቦት ላይ እዚያ ብርድ አለ ወይ? ኦስቲያ የምትይው ባሕር ነፋሱ ለጉልበት እንዴት ነው? ዶኛ ኦፌሊያ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ምርኩዝ ይይዛሉ ወይ? እንዲሁ ለወሬ ነው የጠየቅሁሽ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሥራ ይዣለሁ።

የሺወርቅ


ሮማ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺወርቅ፣

ትንሣኤው ደስታ ሆኖ ይግባልዎ፤ ቅያሜም ካለ ከመቃብሩ ድንጋይ ጋር ይንከባለልልን። ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። እርስዎ ሲቆጡ እንኳ ሁለት ገጽ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ የተቀየሙኝ መሰለኝና ፋሲካውን ሆዴ ባብቶ ነው የዋልኩት። ዶኛ ኦፌሊያ ሁኔታዬን አይተው ምን ሆንሽ ሲሉኝ፣ በአርቱሮ በኩል ነገርኳቸው።

ምን ያደርጋሉ መሰለዎት? ብድግ ብለው ያን ሐምራዊ ቀሚስ አጣጥፈው፣ ተጭነው፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ሻንጣውን ዘጉት። የዚያች ሴት ቀሚስ ሳይመጣ ይህ አይወጣም አሉ። እሜቴ፣ የሳቸው ቀሚስ እኮ አይመጣም፣ አታስቢው ብለውናል ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉና፣ እንግዲያው ልጅቷ በቲሸርት ትጨፍራለች አሉኝ። ይኸው ድግሱ ደረሰ፤ ልጄ ግን የምትለብሰው ቀሚስ የላትም፤ የመጣው ሻንጣ ውስጥ ነው፣ የተጠበቀው አልመጣም። አርቱሮ ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን እያለ በሁለታችን መሐል ይመላለሳል። እሳቸውም ልክ እንደ እርስዎ ናቸው፤ ምናልባት ስታረጁ አንድ ቦታ ነው የምትሰለጥኑት።

ለጠየቁኝ መልስ፦ ግንቦት ላይ ብርድ የለም፤ ማታ ብቻ ቀጭን ነጠላ ያስፈልጋል። የኦስቲያ ነፋስ ለጉልበት ደህና ነው፤ እኔ የምጠብቃቸው ሲኞራ በየበጋው ጉልበቴን አዳነኝ እያሉ ነው የሚመለሱት። ዶኛ ኦፌሊያ ከእርስዎ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ። ምርኩዝ አላቸው፤ የሚይዙት ግን ሰው ለማስፈራራት ነው። ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅምዎ አላወቅሁም፤ ቢሆንም ጻፍኩ።

ቤዛ የወንበሩን ወረቀት እስካሁን አላነሣችም። የአዳራሹ ሰውዬ የማይመጣ እንግዳ ካለ ወንበሩን ልቀንስ ብሎ ቢደውል፣ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ «ባዶም ቢሆን ይቀመጣል» አለችው። ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ልጄ አኩርፋ አታውቅም እትዬ። በዕለቱ በዚያ ወንበር ፊት ስትጨፍር ማየቱን ሳስበው ከአሁኑ አንጀቴን ይበላኛል።

መሐላዎን አከብራለሁ፤ ዳግመኛ ይምጡ አልልዎትም። ግንቦት 16 ቀን ቅዳሜ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሱቅዎ ውስጥ ሆነው ስሟን ጠርተው ይመርቁልኝ። ይበቃናል። አይበቃንም፤ ግን እናብቃቃዋለን።

ሁልጊዜም ልጅዎ፣
ውባንቺ


ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንቺ፣

ሰላምታዬን በኋላ በአፌ እሰጥሻለሁ። የቀረውን ግን በጽሑፍ ማድረጉን መረጥኩ፤ አንቺ ፊት ቆሜ ልናገር ብል አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ደግሞ ነገር ይበላሽብኛል።

ያን አጭር ደብዳቤ የጻፍኩልሽ የቪዛ አሻራ በሰጠሁበት ሳምንት ነው። የጌጡ ልጅ ናት ይዛኝ የዞረችው፤ የመጥሪያ ወረቀቱን አዘጋጃለሁ ያልሽኝን ቃል አምኜ ትሕትናን በስልክ ጠየቅኋት፣ እሷ ለባልሽ ነገረችው፣ እሱም በድብቅ አዘጋጅቶ ላከልኝ። አዎን፣ በስልክ። ስልክ በዕድሜዬ ለቁም ነገር የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ይሰጡኛል አይሰጡኝም ስለማላውቅ ለልጅቷ ተስፋ ሰጥቼ እንዳላስቀራት ፈራሁ። አርቱሮን አትቆጪው፤ እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ባል ምሥጢር ሲጠብቅ ማየት ደስ ይላል።

ስለ መሐላዬ ትጠይቂኝ ይሆናል። ከመነሣቴ በፊት አባቴ መቃብር ሄጄ ነገሩን አስረዳሁት። አባዬ፣ አልኩት፣ አንተ ሲጨንቅህ አለን ያሉህ ሰዎች ናቸው የጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው አሥራ አምስት ሞላት፣ የልጅቷ ግማሽ የኛ ነው፤ እነሱ ሦስት ጠረጴዛ ሞልተው የኛ ጠረጴዛ ባዶ ሲሆን ዝም ልበል? እኔ የምሄደው ወደ ሜክሲኮዎች ቤት ነው። ቤታቸውን ሮማ ላይ ከሠሩ ጥፋቱ የነሱ ነው። ያቺ ሴት በስማችን ቆማ ልጆች ያሳደገች ናት፤ ሄጄ እጇን ካልጨበጥኩ አንተም አታከብረኝም አልኩት። የተቃወመኝ አልመሰለኝም።

ለእድሩም እውነቱን ተናገርኩ። ተነሥቼ፣ ሰርግ የሚባል አልነበረም፣ የልደት በዓል ነው፣ ያስለቀስኳችሁ በከንቱ ነው ብዬ ቆምኩ። ጌጡም፣ እንግዲያው ያለቀስነውን በዓሉ ላይ በእልልታ መልሽልን አለኝ። ሴቶቹ በየቤታቸው ያዘጋጁትን በርበሬ ይዤ ለዶኛ ኦፌሊያ መጥቻለሁ። ሻንጣው የከበደው ለዚህ ነው።

ቀሚሱን በፎቶ አይቼዋለሁ። ስፌቱ መጥፎ አይደለም፤ ይህን ለሴትየዋ ንገሪያት። ወገቡ ግን ቤዛን ይሰፋታል፤ ክርሽን አስተያይቼ ነው ያወቅሁት። መርፌዬን ይዣለሁ፤ ነገ አጠብብላታለሁ። ሐምራዊውን ትልበስ፤ ለሷ የሠራሁት ነጠላ ጥለቱ ሐምራዊ ነውና በትከሻዋ ጣል ታደርገዋለች። ሥራ ይዣለሁ ያልኩሽ ሌላ ነው። የመጨረሻዋ አሻንጉሊት እንደ ልጅቷ ትለብሳለች አላልሽኝም? ግማሹ ሐምራዊ፣ ግማሹ የአበሻ ቀሚስ የሆነ ልብስ ሰፋሁላት፤ ጥልፉን ስሠራ ዓይኔ ሊወጣ ነበር። የልጅቷ ቀሚስ ከርሞ ይጠባታል። የአሻንጉሊቷ አይጠባትም።

ትሕትና ሮማ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላኝ እስከ ደጃፍሽ ታደርሰኛለች። ይህን ደብዳቤ እንደ ወጉ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ፤ ፖስታውን ገልብጠሽ ብታዪው የተሸካሚው ስም አለ፣ የሺወርቅ ይላል። ቆሜ እስክትጨርሺ እየጠበቅሁሽ ነው። ቤዛን ጥሪልኝ፤ አንቺ እንድትለኝ እፈልጋለሁ፣ እርስዎ ብላ እንዳታስተካክል። አሁን ወረቀቱን እጠፊና ሻንጣውን ተቀበዪኝ፤ ክንዴ ዝሏል።

የሺወርቅ